የነፍሰ ጡሯ ሽንት ምን ይናገራል? በእርግዝና ወቅት የሚደረግ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ

አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት ለመውለድ ሆስፒታል ስትገባ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ሽንት ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣታል፤ ሞልታ ትመልሳለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ፕሮቲን ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን ለማየት ነው። አንዳንዴ ግን ያው ሽንት ለአደንዛዥ ዕፅም ይመረመራል፤ እናትየው ይህን ላታውቅ ትችላለች።

በ2024 ዘ ማርሻል ፕሮጀክት የተባለ የጋዜጠኝነት ተቋም ይህን ጉዳይ አደባባይ አወጣው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦፒየም ከሚመረትበት ተክል የሚገኘው የፖፒ ዘር የተነሰነሰበት ምግብ የበሉ ሴቶች ኦፒየም ተገኘባቸው ተብለው ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ተደርጎባቸዋል። በሐኪም የታዘዘላቸውን መድኃኒት የወሰዱም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ከአራስ ልጃቸው የተለዩም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ምርመራው ውሸት ነው» ይላል። ሌላው «ንጹሕ የሆነች ሴት ምን ያስፈራታል?» ይላል። ሁለቱም ነገሩን አያስረዱም። ምርመራው የሚነግረን አንድ ጠባብ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ጠባብ መልስ ሰፊ ፍርድ ሲወጣ ነው።

ሽንት፣ ፀጉር፣ እትብት

አንድ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ ጉበት ይሰባብረዋል። ስብርባሪው ሜታቦላይት ይባላል። ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ዋናውን ዕፅ ሳይሆን ይህን ስብርባሪ ነው። ስብርባሪው የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል እንደሚቆይ ደግሞ እንደ ናሙናው ይለያያል።

ሽንት ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚያየው ግን ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ኮኬይን፣ አምፌታሚንና ሄሮይን በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሽንት ይጠፋሉ። ካናቢስ የተለየ ነው። ስብ ውስጥ ስለሚከማች በየቀኑ የምታጨስ ሴት ካቆመች ከሳምንታት በኋላም ሽንቷ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ መሆኗን እንዳወቀች ያቆመች ሴት፣ አሁንም እንደምትጠቀም ሰው ልትቆጠር ትችላለች።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ፀጉር የሦስት ወር ማኅደር ነው ማለት ይቻላል። ግን በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያጨሰው ጭስም ፀጉር ላይ ይቀራል።

ከወሊድ በኋላ የሚወሰዱ ሁለት ናሙናዎችም አሉ። የመጀመሪያው ሜኮኒየም ነው፤ ሕፃኑ እንደተወለደ የሚያወጣው ያ ጥቁርና ዝልግልግ ዓይነ ምድር። ጽንሱ ገና የአራት ወር ገደማ ሳይሆነው መጠራቀም ይጀምራል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹን ወራት ታሪክ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው እትብት ነው። እትብት ጥቅሙ ሕፃኑ እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጁ እንደተወለደ በእጅ ነው። የሁለቱም ውጤት ግን ከላቦራቶሪ እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል። እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድመው ቤታቸው ይገባሉ።

ከእነዚህ ናሙናዎች አንዱም ስንት ጊዜ እንደተወሰደ፣ ሱስ መኖር አለመኖሩን፣ ሕፃኑ ተጎድቶ እንደሆነ አይናገርም። ንጥረ ነገሩ በዚያ ጊዜ ገደማ ሰውነት ውስጥ እንደነበር ይጠቁማል። በቃ።

የመጀመሪያው ምርመራ ለምን ይሳሳታል?

ሆስፒታሎች በቅድሚያ የሚጠቀሙበት ፈጣን ምርመራ ኢሚዩኖአሴይ ይባላል። የሚሠራው በፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ አካል አንድን ንጥረ ነገር በቅርጹ ይለያል፣ ያገኘው ሲመስለው ይጣበቃል። አንድን ሰው ከኋላው አይቶ በጋቢው እንደመለየት ነው። ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። አንዳንዴ ግን ተመሳሳይ ጋቢ የለበሰ ሌላ ሰው ይሆናል።

ላቤታሎልን እንውሰድ። በእርግዝና ጊዜ ለደም ግፊት በሰፊው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። አንዱ ስብርባሪው ቅርጹ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። በሐኪም ትእዛዝ የምትወስድ ነፍሰ ጡር በፈጣኑ ምርመራ «አምፌታሚን ተገኘባት» ልትባል ትችላለች። የደም ግፊቷ ሲወርድ በሐኪሙ የሚሰጣት ኤፌድሪንም እንዲሁ ያደናግራል።

በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ባለ ሆስፒታል ካናቢስ ተገኘባቸው የሚባሉ አራሶች ቁጥር ድንገት ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ የደረሱበት የሕፃን ገላ መታጠቢያ ሳሙና ላይ ነው። ከሕፃኑ ቆዳ ወደ ሽንቱ የገባች ጥቂት ሳሙና ምርመራውን ታሳስተው ነበር። ሳሙናው ውስጥ ምንም ካናቢስ የለም።

የፖፒ ዘር ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል። እዚህ መሣሪያው አልተሳሳተም። የፖፒ ዘር ኦፒየም ከሚመረትበት ተክል የሚገኝ ስለሆነ ጥቂት ሞርፊንና ኮዴይን ይዞ ይመጣል። ዳቦ ላይ የተነሰነሰውን የበላ ሰው ሽንቱ ውስጥ በእርግጥም ሞርፊን ይኖራል። ጥያቄው «ምን ያህል ሲሆን ነው ተገኘ የምንለው?» የሚል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1998 ለሠራተኞች ምርመራ ይህን ወሰን ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ አደረገው። ምክንያቱ ይኸው የፖፒ ዘር ነበር። በ2023 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ወታደሮቹ የፖፒ ዘር ያለበትን ምግብ እንዳይበሉ አስጠነቀቀ። ብዙ ሆስፒታሎች ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እናቶችን የሚመረምሩት በድሮው ዝቅተኛ ወሰን ነው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ከወላድ ሴት የተሻለ ጥበቃ አለው ማለት ነው። ለዚህ በቂ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። ድፎ ዳቦ ላይ የምንነሰንሰው ጥቁር አዝሙድ የፖፒ ዘር አይደለም። መልካቸው ይቀራረባል እንጂ ተክሎቹ የተለያዩ ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ሞርፊን የለውም። ካፌ ውስጥ የሚሸጠው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቤግል የተባለ ዳቦ ወይም የሎሚ ኬክ ግን ብዙ ጊዜ ፖፒ ነው።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ የሚሆን ሁለተኛ ምርመራ አለ። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ሞለኪውል በክብደቱ ይለያል። ጋቢውን ትቶ ፊቱን ያያል እንበል። ላቤታሎልን ከአምፌታሚን ይለያል። ሄሮይን ብቻ የሚተወውን ሲክስ ሞኖአሴቲልሞርፊን የተባለ ምልክትም ማግኘት ይችላል። የፖፒ ዘር ይህን ምልክት አይተውም። ምልክቱ ግን በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋ ካልተገኘ ሄሮይን አልነበረም ብሎ መደምደም አይቻልም። ማረጋገጫው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ሳይደረግ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። 1,000 እናቶች ተመረመሩ እንበል፤ በትክክል የተጠቀሙት 20 ናቸው። ምርመራው ከተጠቀሙት 95 በመቶውን ይይዛል፤ ካልተጠቀሙት ደግሞ 5 በመቶውን በስህተት ይከሳል። ከ20ዎቹ 19ኙ ይያዛሉ። ካልተጠቀሙት 980 ደግሞ 49ኙ ይያዛሉ። በአጠቃላይ 68 ሴቶች «ተገኘባቸው» ተባሉ፤ ከእነሱ 49ኙ ምንም አልወሰዱም። 95 በመቶ ትክክል የሆነ ምርመራ እንዲህ ያደርጋል። ነገሩ ብርቅ በሆነ ቁጥር ከስህተቱ የሚገኘው ቁጥር ከእውነቱ ይበልጣል።

ውጤቱ ማን ጋ ይሄዳል?

እዚህ ላይ ሕክምናው ከሕግ ጋር ይገናኛል። በ1989 በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ከፖሊስ ጋር ተስማማ። ነፍሰ ጡሮች ለኮኬይን ይመረመራሉ፤ ውጤቱ ለፖሊስ ይተላለፋል። በዚህ አሠራር 30 ሴቶች ታሰሩ። ከእነሱ 29ኙ ጥቁሮች ነበሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጋቢት 2001 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የመንግሥት ሆስፒታል ለሕግ ማስከበር ብሎ፣ ያለ ታካሚዋ ፈቃድ እንዲህ መመርመሩ አግባብ የሌለው ፍተሻን ከሚከለክለው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጋር ይጋጫል አለ።

ውሳኔው ትልቅ ነው፤ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ለሕክምና ተብሎ የተደረገ ምርመራ ውጤቱ ወደ ሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳይሄድ አላደረገም። የግል ሆስፒታሎችንም በቀጥታ አይነካም።

በፌዴራል ደረጃ ካፕታ ተብሎ የሚጠራ የሕፃናት ጥቃት መከላከያ ሕግ አለ። በ1974 ወጥቶ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2016 ከተሻሻለ ወዲህ በማንኛውም ሱስ አስያዥ ነገር የተጎዱ አራሶች ለመሥሪያ ቤቱ እንዲነገርላቸውና ለቤተሰቡ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣ ይጠይቃል። ብዙ ሰው፣ የሆስፒታል ሠራተኛም ጭምር፣ ይህን ሕግ «መርምሩ» የሚል አድርጎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይልም። ማሳወቁ በራሱ እናትየው ልጇን በድላለች ማለት እንዳልሆነም ተጽፏል። ስቴቶች ግን የየራሳቸውን ሕግ ጨምረዋል። አንዳንዱ ስቴት የአራስ ልጅ ናሙና ውስጥ ዕፅ መገኘቱን ብቻውን እንደ በደል ይቆጥራል። ሌላው ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል። አላባማና ደቡብ ካሮላይና በወንጀል እስከመክሰስ ሄደዋል።

ማን ይመረመራል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በፍሎሪዳ፣ ፒኔላስ ካውንቲ ለእርግዝና ክትትል የመጡ 715 ሴቶችን ሽንት መረመረ። ከነጮቹ 15.4 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 14.1 በመቶ ላይ ተገኘ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ለባለሥልጣን ሪፖርት የተደረገባቸው ግን ጥቁሮቹ ከነጮቹ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። መሣሪያው ዘር አይለይም። «ይቺን መርምሩ፣ ይቺን ሪፖርት አድርጉ» የሚለው ግን ሰው ነው።

ምርመራው ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ምርመራውን የሚደግፉት በከንቱ አይደለም። በማኅፀን ውስጥ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያለ ዕፅ) የለመደ ሕፃን እትብቱ ሲቆረጥ መድኃኒቱም አብሮ ይቆረጥበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል፤ ለቅሶው ቀጭንና የማያባራ ይሆናል፤ መጥባት ይከብደዋል። ሐኪሙ ምክንያቱን ካወቀ በጊዜ ይረዳዋል። ካላወቀ ደግሞ ደህና መስሎት ወደ ቤት ሊልከው ይችላል። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞችም የሚያነሱት ነገር አለ። ፈርታ የምትደብቅ እናት ብትጠየቅም አትናገርም፤ ሕፃኑ ራሱ ደግሞ አፍ የለውም።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ አቋም ግልጽ ነው። ሁሉም ነፍሰ ጡር በተፈተነ መጠይቅ ትጠየቅ ይላል። ይህ ልየታ ይባላል፤ የቃል ጥያቄ ነው። የሽንት ወይም የደም ምርመራ ግን በፈቃዷ ብቻ ይሁን ይላል። ምክንያቱ እምነት ነው። ውጤቱ ልጇን እንደሚያስወስድባት የምታስብ ሴት ከክትትል ትቀራለች። ቴነሲ በ2014 በእርግዝና ጊዜ ዕፅ የወሰዱ እናቶችን የሚያስከስስ ሕግ አውጥታ ነበር። ሐኪሞች ሴቶቹ ከክትትል እየሸሹ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ሕጉ በ2016 ጊዜው ሲያበቃ አልታደሰም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረው ድንጋጤም መታወስ አለበት። ኮኬይን ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ልጆች አእምሯቸው የማይድን ጉዳት ደርሶበታል ተብሎ በየጋዜጣው ተጻፈ። በፊላደልፊያ ዶክተር ሃላም ኸርት በ1989 የጀመሩት ጥናት 224 ሕፃናትን ይዞ ከሃያ ዓመት በላይ ተከታተለ። ግማሾቹ ኮኬይን የደረሳቸው፣ ግማሾቹ ያልደረሳቸው ናቸው። ሁሉም ከድሃ ቤተሰብ ናቸው። በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱንም ወገን ወደ ኋላ የጎተታቸው ድህነት ነበር። ይህ ኮኬይን ለጽንስ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ያለጊዜው መወለድንና የእንግዴ ልጅ ቀድሞ መላቀቅን ያመጣል። ግን «ተገኘ» ከሚለው ቃል የልጅን ዕድሜ ሙሉ መተንበይ እንደማይቻል ያሳያል።

በእኔ እይታ ምርመራው እንደ ማንኛውም የሕክምና ምርመራ ሊቆይ ይገባል። ሐኪሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ይንገር፣ እናትየው ትፍቀድ፣ ውጤቱ ይረጋገጥ። ከማረጋገጫው በፊት የሚደረግ ሪፖርት ግን ለሕፃኑም አይጠቅምም። አንዳንድ ትልልቅ ተቋማት ወደዚህ እያዘነበሉ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ሆስፒታሎች በ2020 የጽሑፍ ፈቃድ ማስፈረም ጀመሩ። በቦስተን ማስ ጄኔራል ብሪገም በ2024 የምርመራ ውጤት ብቻውን ለሪፖርት ምክንያት እንዳይሆን ደንቡን ለወጠ።

ጫትና ጠላ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለእርግዝና ክትትል የሚወሰድ ሽንት በተለመደው አሠራር ለዕፅ አይመረመርም። የሚታየው ፕሮቲን፣ ስኳርና ኢንፌክሽን ነው። ደሙ ደግሞ ለደም ማነስ፣ ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ይመረመራል። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ የሚታወቀው በጥያቄ ነው። አጠያየቁ ደግሞ ብዙ ይወስናል። «ጫት አትቅሚም አይደል?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ መልሱን ራሱ መልሷል። «አንዳንድ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ጫት ይቅማሉ፤ አንቺስ?» ያለው ግን እውነቱን የመስማት ዕድል አለው።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በእርግዝና ጊዜ መቃም ክብደቱ ዝቅ ካለ ልጅ መውለድ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአደባባይ የሚሸጠው ጫት ግን አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ነው፤ ብሪታንያም በ2014 ከልክላዋለች። በተለመደው የሆስፒታል ፈጣን ምርመራ ጫት ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። ስብርባሪዎቹ እንደ መሣሪያው ዓይነት በአምፌታሚን በኩል ሊታዩም ላይታዩም ይችላሉ። ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ ጫትን እንደ ዕፅ ቆጥራው የማታውቅ እናት ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ አትሆንም።

ሌላው መጠጥ ነው። በጽንስ አእምሮ ላይ ጉዳቱ በሚገባ ከተረጋገጠ ነገር ሁሉ አልኮል ግንባር ቀደም ነው። በእርግዝና ጊዜ ደህና የሚባል መጠን አልታወቀለትም። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ፣ ጽንሱ ጋ የሚደርሰው ያው አልኮል ነው። ደም ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ስለሆነ ግን ተራው ምርመራ አያገኘውም። ፒኢዝ የተባለ የደም ምርመራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወደ ኋላ ያያል፤ በየሆስፒታሉ ግን በመደበኛነት አይሠራም። ማለትም አሠራሩ የሚያሳድደው በሕግ የተከለከለውን ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳውን አይደለም። የበዓል ቀን «ትንሽ ቅመሺ፣ አምሮትሽ ይውጣልሽ» የሚባለው ጠላ በማንም መዝገብ ላይ አይገባም።

ውጭ አገር የምትወልድ እናት ምን ትጠይቅ?

ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። የተወሰኑ ጥያቄዎች ግን የትም ይሠራሉ። ሽንቱ ለምን ለምን እንደሚመረመር መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ፈቃድ የሚገኘው በመግቢያ ቅጹ ላይ በተጻፈ አንድ ጥቅል ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ባል ወይም ልጅ ቢያስተረጉም ግን ብዙ ነገር ሳይነገር ይቀራል።

የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ፣ የደም ግፊቱም የጉንፋኑም፣ ሽንት ከመሰጠቱ በፊት ዝርዝሩ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ጥሩ ነው። በምጥ ጊዜ በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ፈንታኒል አለበት። ፈንታኒሉ በእናትም በሕፃንም ሽንት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከማደንዘዣው በፊት ይሁን በኋላ፣ የተወሰደበት ሰዓት መጻፉ ወሳኝ ነው።

«ተገኘ» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማረጋገጫ ምርመራ ነው። ይህ በዚያው ቀን መጠየቅ አለበት። ላቦራቶሪዎች የተረፈውን ሽንት የሚያቆዩት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከተደፋ በኋላ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የመጀመሪያው መልስ ብቻ ይሆናል።